ሬይ ሮማኖና የሌላው ሰው ሳቅ

ማክሰኞ ማታ

ሰሞኑን ከሥራ ስገባ የአሜሪካኖቹን የቲቪ ኮሜዲ «ሁሉም ሬይመንድን ይወዳል»ን ከፍቼ ነው እራቴን የምበላው። ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን አሁንም እስቃለሁ። ዛሬ ከቀልዱ ይልቅ ዋናው ተዋናይ ሬይ ሮማኖ ራሱ ሲያሳስበኝ አመሸ።

ሬይ ሮማኖ የኒውዮርክ፣ የኩዊንስ ልጅ ነው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበር፣ ፍራሽ እየጫነም ቤት ለቤት አድርሷል። ማታ ማታ ደግሞ ማይክ ይዞ ከክለብ ክለብ ይዞራል። ከ10 ዓመት በላይ እንዲህ ከኖረ በኋላ በፈረንጆቹ 1995 «ኒውስሬዲዮ» ለሚባል ሲትኮም (ተከታታይ የቲቪ ኮሜዲ) ተመረጠ። ልምምድ በጀመረ በቀናት ውስጥ አሰናበቱት።

ይሄ ብዙም አልገረመኝም። ስታንዳፕ (ብቻህን ማይክ ይዘህ መቀለድ) ላይ ወሬው የራስህ፣ ፍጥነቱ የራስህ ነው። ሰዉ ካልሳቀልህ እዚያው መንገድ ትቀይራለህ። ሲትኮም ላይ ሌላ ሰው የጻፈውን ታጠናለህ፣ ቁም የተባልክበት ትቆማለህ፤ ከፊሉን ጊዜ ደግሞ ሥራህ ሌላው እንዲያስቅ ማመቻቸት ነው። መድረኩን ብቻውን ይዞ ለኖረ ሰው ከባድ ነው።

በዚያው ዓመት የማታ የቲቪ ሾው አቅራቢው ዴቪድ ሌተርማን ጋ ቀርቦ ቀለደ፤ የሌተርማን ኩባንያም ወደደውና ውል ሰጠው። ፊሊፕ ሮዘንታል የሚባል ጸሐፊ የቤቱን ጉድ ሁሉ አስወራው፦ መንታ ልጆቹን፣ ቅርብ የሚኖሩ ወላጆቹን፣ ፖሊስ ወንድሙን። ድራማው ከዚያ ወጣ። ርዕሱም የወንድምየው ተረብ ነው፤ ሮማኖ ራሱ አልወደደውም ነበር። በ1996 ሲቢኤስ የቲቪ ጣቢያ ላይ ጀምሮ 9 ሲዝን፣ 210 ክፍል ሄደ። በ2002 ኤሚ የሚባለውን የቲቪ ሽልማት ሸለሙት።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ እጁን የት እንደሚያደርገው የጨነቀው ሰው ይመስላል። ወደ ኋላ ላይ ግን እናቱን ሆና የምትሠራው ዶሪስ ሮበርትስ ዘው ብላ ገብታ ስትነዘንዘው፣ ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ ያያታል፤ ሰዉ የሚፈርሰው በዚያ ፊት ነው። ለእኔ ትልቁ ችሎታው ይሄ ነው፣ ከሽልማቱም በላይ። አለባቸው ተካንና ልመንህ ታደሰን እያየን ላደግን ሰዎች ቀልድ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። እሱ ግን ከ35 ዓመቱ በኋላ፣ ካሜራ ፊት ነው የተማረው።

በ2005 የመጨረሻው ቀረጻ ሲያልቅ ለታዳሚው ያለው ነገር አለ። ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ወንድሙ ሻንጣው ውስጥ ጥቅስ ከቶለት ነበር፦ ሰው ዓለሙን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ቢያጎድል ምን ይጠቅመዋል የሚለውን። እንግዲህ አሁን ነፍሴ ላይ ልሥራ አላቸው። (የእኔ እናት ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችው በርበሬ ነው። ጥቅሱን በስልክ ነው የምትልከው።)

ሚሊየነር ሆኖ ቁጭ ማለት ይችል ነበር፤ ክለቡን ግን አልተወም። በ2019 የወጣውን ስታንዳፑን ዛሬ አየሁት። ኮሜዲ ሴላር ገብቶ ይቀልዳል፣ ጨርሶ ይወጣና እዚያው ጥግ ላይ ያለው ሌላ ክለብ ገብቶ ይቀጥላል። ወሬው አሁንም ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። አስቆኛል፣ አልዋሽም። ግን ስለ ሚስቱ በጀመረ ቁጥር ድራማው ላይ ሚስቱን ሆና የምትሠራው ፓትሪሺያ ሂተን ከሆነ በር ገብታ አፉን እንድታስይዘው እጠብቅ ነበር።