ኪንግስ ክሮስ ጣቢያና ከሥሩ ያሉት ዋሻዎች፦ ጥናቴ የደረሰበት
የለንደኑን የኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ታሪክ ንድፍ እየሣልሁ ማጥናት ከጀመርሁ ጀምሮ ሲያስቸግረኝ የቆየው ጥያቄ በቅርቡ ስለተፈታልኝ፣ ተመሳሳይ ጥናት ለያዛችሁ ወዳጆች የሄድሁበትን መንገድ ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማሬው ቀላል ነበር። ግሬት ኖርዘርን የተባለው ኩባንያ በሉዊስ ኩቢት ንድፍ ያሠራው ጣቢያ በ1852 ተከፈተ፤ በ1863 ደግሞ በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሜትሮፖሊታን፣ ከፓዲንግተን ተነሥቶ በዚሁ በኩል እስከ ፋሪንግደን መሄድ ጀመረ። ይህ መሥመር መሬቱን ከላይ ቆፍሮ፣ ግንቡን ሠርቶ መልሶ በመሸፈን የተሠራ ስለሆነ ከምድር ገጽ ብዙም አይርቅም። በ1906 የመጣው ፒካዲሊ፣ በ1907 የተከተለው የዛሬው ኖርዘርን መሥመርና በ1968 የተጨመረው ቪክቶሪያ ግን በጥልቀት የተፈለፈሉ በመሆናቸው ለየብቻ ሊሣሉ ይገባል።

ያስቸገረኝ ግሬት ኖርዘርን የራሱን ባቡሮች ከዋናው ሐዲድ ወደ ሜትሮፖሊታን ዋሻ ያወርድበት የነበረው መንገድ ነው። በድሮዎቹ ንድፎች ላይ በለንደን መሃል ወዳለው የሙርጌት ጣቢያ የሚወርዱት ባቡሮች የሚቆሙት በትልቁ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ከሕንፃው ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ዮርክ ሮድ በተባለ መድረክ ነበር። ተመላሾቹ ግን በምዕራብ በኩል ብቅ ይላሉ፤ የሚወጡበት ጠመዝማዛ ዋሻ በግሬት ኖርዘርን ሆቴል ሥር ስለሚያልፍ «የሆቴሉ ኩርባ» ይባል ነበር። የአንድ መሥመር መሄጃና መመለሻ ለምን እንዲህ ተራራቀ?

መልሱን ያገኘሁት የጉዞ አቅጣጫን በቀስት ማመልከት ስጀምር ነው። የብሪታንያ ባቡሮች ግራቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ባቡር ግራው ምሥራቅ ነው፣ ወደ ሰሜን ለሚመለሰው ደግሞ ምዕራብ። በመካከላቸው በደቡቡ ግንብ ላይ የሚያበቁት የጣቢያው ሐዲዶች ስላሉ፣ ወንዝ በደሴት ግራና ቀኝ እንደሚከፈል፣ ሁለቱ ሐዲዶች ጣቢያውን መሃል አድርገው ተለያዩ። የሆቴሉ ኩርባ ዳገቱም ጥምዝምዙም የበረታ ስለነበር ለእንፋሎት ባቡር ከባድ ፈተና ነበር፤ ጢሱም በጠባቡ ዋሻ ውስጥ ይታመቅ ነበር። መንገዱ በ1976 ተዘጋ፤ የሙርጌት ባቡሮችም በ1904 ወደ ተከፈተው፣ የዋና መሥመር ባቡር እንዲያሳልፍ ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ወደ ተሠራው ሌላ ዋሻ ተዛወሩ።

ስለዚህ አጥብቄ የምመክረው፣ ለእያንዳንዱ መሥመር መክፈቻ ዓመት አንድ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት መድባችሁ፣ በላዩ ሐዲድና ቀስት ብቻ እንድትሥሉና ወረቀቶቹን እንድትደራርቡ ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የታወቀው ካርታ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ለተሳፋሪ እንዲቀል የተሠራ ስለሆነ ርቀትንም፣ ትክክለኛ አቅጣጫንም፣ ጥልቀትንም አያሳይም። ኪንግስ ክሮስንና ጎረቤቱን የሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያንም በአንድ ስም ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። በዚህ ረገድ አድልዎዬን አልደብቅም፦ በ1868 የተከፈተው ሴንት ፓንክራስ፣ በመካከሉ አንድም ምሰሶ ሳይኖር 73 ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የመሐንዲሱ የባርሎው ጣሪያ እያለው፣ በእኔ ወረቀቶች ላይ ያገኘው ጥቂት መሥመር ብቻ ነው። የሆቴሉ ኩርባ ጊዜዬን ወስዶታል።

አሁን የያዝሁት በዚሁ በኪንግስ ክሮስ 31 ሰዎች ያለቁበትን የኖቬምበር 18 ቀን 1987 ቃጠሎ ነው። እሳቱ የተነሣው ከፒካዲሊ መሥመር ወደ ቲኬት አዳራሹ በሚያወጣው የእንጨት ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሥር ሲሆን፣ ነበልባሉ ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ በደረጃው ቦይ ውስጥ ተኝቶ ሽቅብ ስለተወረወረ አዳራሹን በድንገት አጥለቀለቀው። ይህን ከላይ የታየ ንድፍ ሊያስረዳ አይችልም፤ የደረጃው ተዳፋት ከጎኑ ተቆርጦ መታየት አለበት፣ እኔም ወረቀቱን በዚያው መልክ እየሣልሁት ነው።