ፊድ ስጀምር የሠራኋቸው ሦስት ስህተቶች

ጠዋት ስነሳ አሥራ ሁለት ድረ ገጽ አንድ በአንድ እየከፈትኩ አዲስ ነገር ፍለጋ እዞር ነበር። ብዙውን ጊዜ ምንም የለም። ሲኖር ደግሞ የዚያን ቀን ሳልገባ ቀርቼ ያመልጠኛል። በማኅበራዊ ሚዲያ ብከተላቸውም ለውጥ አላመጣም፤ የማየውን የሚመርጠው አልጎሪዝሙ ነው። መፍትሔው ፊድ ነበር፤ ድረ ገጹ አዲስ ያወጣቸውን ጽሑፎች የሚዘረዝርበት ፋይል።

አንድ ቀን ገጽ ግርጌ ላይ ያለችውን ብርቱካናማ ምልክት ነካኋት። አንድ ነጥብና ሁለት ቅስት ያላት፣ ጋደም ያለች ዋይፋይ የምትመስለዋ። ቅንፍ በቅንፍ የሆነ ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ተከፈተ። ገጹ ተበላሽቷል ብዬ ዘጋሁት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው።

ለካ ፊዱ ራሱ እሱ ነበር! ኤክስኤምኤል የሚባል ፋይል ነው፤ የተጻፈውም ለሰው ሳይሆን ለፕሮግራም ነው። ተረጋግቼ ሳየው ግን ያን ያህል አያስፈራም። ከላይ የገጹ ስም አለ። ከሥሩ የቅርብ ጽሑፎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ርዕስ፣ ሊንክ፣ የወጣበት ቀንና ማጠቃለያ ይይዛል። አንዳንዱ ሙሉውን ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መለያ ኮድም አለው። ፕሮግራሙ ያነበባችሁትን ካላነበባችሁት የሚለየው በእሱ ነው። አንዴ አንድ ገጽ አድራሻውን ሲቀይር መለያዎቹም አብረው ተቀየሩና የድሮ ጽሑፎቹ በሙሉ እንደ አዲስ ተዘረገፉብኝ።

ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም ሪደር ይባላል። ሰብስክራይብ ማድረግ ሲባል ኢሜይል መስጠት መስሎኝ ነበር። አይደለም። አድራሻውን ለሪደሩ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ በየጊዜው ሄዶ አዲስ ነገር መኖሩን ያያል። በቃ። ማንም ምንም አይልክላችሁም፣ መተው ስትፈልጉም ደብዳቤ መጻጻፍ የለም፤ ታጠፉታላችሁ።

ብርቱካናማዋ ምልክት አሁን ብዙ ቦታ የለችም፤ ፊዱ ግን አለ። የገጹን ዋና አድራሻ ሪደሩ ላይ ስትለጥፉ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ገጹ ኮድ ውስጥ ፊዱን የሚጠቁም ስውር መስመር ስላለ ነው። እምቢ ካለ፣ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ለተሠሩ ገጾች አድራሻው መጨረሻ ላይ ስላሽ አድርጋችሁ ፊድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጨምሩ። የዩቲዩብ ቻናሎችም ፊድ አላቸው። ፖድካስት የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ ሳታውቁት ፊድ ስትጠቀሙ ኖራችኋል። የፊዱ ዓይነት አርኤስኤስ ነው ወይስ አተም የሚለው ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ሪደሮች ሁለቱንም ያነባሉ።

ሁለተኛው ስህተቴ ስግብግብነት ነው። በአንድ ሳምንት 90 ፊድ ሰበሰብኩ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያወጡ የዜና ገጾች ሳይቀሩ። ያልተነበበው ቁጥር 1,400 ደረሰ። ሪደሩን መክፈት ራሱ አስጠላኝ። አንድ ምሽት "ሁሉም ተነቧል" የሚለውን ተጫንኩት። ሰማይ አልተደፋም። በማግስቱ የዜናዎቹን ሁሉ አወጣኋቸው፤ ዜና ሄዶ ማየት አይከብድም። ፊድ ዋጋው የሚታየው በሦስት ወር አንዴ ለሚጽፍ ሰው ነው። ከምከታተላቸው አንዱ 14 ወር ዝም ብሎ በቅርቡ ጻፈ። ጠዋት ሪደሬን ስከፍት ከላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እየዞርኩ ብሆን ኖሮ ድሮ ተስፋ ቆርጬበታለሁ።

ሦስተኛው አሁንም ያንገበግበኛል። የምጠቀምበት ሪደር አገልግሎቱን ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ፣ እኔ ማስታወቂያውን ሳላነብ ቀረሁ፣ ዝርዝሬም አብሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጎግል ሪደር የሚያክል ነገር ተዘግቶ የለ እንዴ፤ ከዚያ መማር ነበረብኝ። ሪደሮች ሴቲንግ ውስጥ ኤክስፖርት የሚል ቦታ አላቸው። ኦፒኤምኤል የሚባል ፋይል ይሰጣችኋል፣ ሌላ ሪደር ላይ ስትጭኑት ዝርዝሩ እንዳለ ይመለሳል። የእኔን አሁን ሁለት ቦታ አስቀምጫታለሁ። 31 አድራሻ ይዛ ከአንድ ፎቶ ታንሳለች።