ከከተማ ዳር ለሚመላለስ ሠራተኛ የልማድ ምክር

«ስኬታማ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል» የሚለው ምክር በአዲስ አበባ ዳር ላለው የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ዜና አይደለም። በዚያ ሰዓት እኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ማለዳ መነሳት ብቻውን ቢያበለጽግ ኖሮ ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሰበታ አየር ጤና የሚመላለሰው ሕዝብ እስካሁን ባለጸጋ በሆነ ነበር። ትጋት አላነሰውም። ያነሰው ራሱ የሚያዝበት ሰዓት ነው። ታክሲው ዛሬ በ10 ደቂቃ ይመጣል፣ ነገ አንድ ሰዓት ያቆማል። መብራት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሄዶ ሲመለስ ቤተሰቡ ተኝቷል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ላይ «ሁልጊዜ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት አነባለሁ» የሚል ዕቅድ ሳምንት አይዘልቅም። ሲፈርስ ደግሞ ሰውየው ዕቅዱን ትቶ ራሱን ይወቅሳል፣ «እኔ ድሮም ሰነፍ ነኝ» ይላል።

ስለዚህ ልማዱን በሰዓት ላይ አትትከሉ፤ የግድ በሚሆን ነገር ላይ ትከሉት። የግድ የሚሆን ማለት መብራት ቢጠፋ፣ ዝናብ ቢጥል፣ ታክሲ ቢጠፋ የማይቀር ማለት ነው። ጫማ ማሰር፣ ለረዳቱ ሒሳብ መክፈል፣ የቢሮ ኮምፒውተር መዝጋት ወይም ጋዎን ማውለቅ፣ ማታ በር መቆለፍ እንዲህ ያሉ ናቸው። ልማዱን የምትተክሉበትን እንዲህ ያለ መነሻ ስትመርጡ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ መጨረሻው የሚታወቅ ይሁን። «ቁርስ ስበላ» ደካማ መነሻ ነው፣ የት ላይ እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ «የሻይ ብርጭቆዬን ሳስቀምጥ» ግን ቁርጥ ያለ ነው። ሁለተኛ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል። ብዙ ሰው «ከቡና በኋላ» ይላል። ቡናው ግን ከሰል ሲያልቅ ይቀራል፣ ጎረቤት ሲመጣ ይረዝማል።

መነሻው ከተገኘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ከምን በኋላ፣ የት፣ ምን እንደምታደርጉ። «ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ከፍዬ እንደጨረስኩ አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ የእንግሊዝኛ ትምህርቴን እከፍታለሁ» ይበቃል። የልጅ ሥራ ይመስላል፣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት 248 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ በሳምንቱ ውስጥ አንዴ እንኳ ስፖርት የሠራውን ቆጥሮ ነበር። ምንም ካልተሰጠው ቡድን 38 በመቶ ሠራ። ስለ ስፖርት ጥቅም የሚያነቃቃ ጽሑፍ ካነበበው 35 በመቶ። ያንኑ አንብቦ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚሠራ ከጻፈው ግን 91 በመቶ። እነሱ በሰዓት ጻፉ፤ የእኛ ሰዓት ስለማይታመን በሰዓቱ ፋንታ መነሻውን እንጽፋለን። ማነቃቂያው ብቻውን ምንም አልጨመረም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለሚሰጥ የሞቲቬሽን ሥልጠና ትኬት ልትቆርጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ቁጥር ይዛችሁ አስቡበት።

ስንት ቀን ይፈጃል የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞረው «21 ቀን» አሜሪካዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ማክስዌል ማልትዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ከጻፈው ትዝብት የመጣ ነው። እሱ ያለው ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል ነበር፤ ሲወራ ሲወራ «ቢያንስ» የምትለዋ ወደቀች። በለንደን ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ84 ቀን ተከታትለው ያገኙት የተለየ ነው። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ እንደ ሰዉና እንደ ሥራው ግምቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 66ኛው ቀኑ ኅዳር 6 ነው። «አዲስ ዓመት፣ አዲስ ሕይወት» ብሎ ተነስቶ መስቀል ሳያልፍ ተስፋ የሚቆርጠው ገና ሩቡ ላይ ሳለ ነው።

መከታተያ ለመሥራት የእኛ አቆጣጠር ይመቻል። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። 6 በ5 ሠንጠረዥ አንዴ አስምራችሁ ፎቶ ኮፒ ብታስነሱ ለ12 ወር ይሆናል። ወረቀቱን የቤቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። ስልክ ላይ ያለ መከታተያ አልወድም፤ ልታሰምሩበት ከፍታችሁ ቲክቶክ ውስጥ ትገኛላችሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ሰልፍ፣ መቀመጫና ቆሞ መሄድ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ አንድ ሥራ ለሦስቱም አይሆንም።

ሰልፍ ላይ ዓይንና እጅ ነፃ ናቸው፣ ጆሮ ግን ረዳቱ ምን እንደሚጣራ መስማት አለበት። እዚያ የወረቀት ካርድ ይሻላል። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ብታጥፉትና በመታጠፊያው ብትቀዱት 8 ካርድ ይወጣዋል። በአንዱ ገጽ ጥያቄውን፣ በሌላው መልሱን ጻፉ። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ የእንግሊዝኛውን የሒሳብ ቃል በፊት፣ ትርጉሙንና ከራሳችሁ ሥራ የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጀርባ። ዋናው ነገር ሳትገለብጡ በፊት መልሱን በልባችሁ መናገር ነው። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል እንጂ አያስታውስም፤ ትውስታን የሚያጠነክረው ከራስ ውስጥ ፈልጎ ማውጣቱ ነው። የመለሳችሁትን ካርድ በማግሥቱ፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ15ኛው ቀን እዩት። የሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ በኋላ እንደሚዘገይ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ቀኖቹ እየተራራቁ የሚሄዱት ለዚህ ነው። በቀን ከ8 አዲስ ካርድ አትለፉ፣ የክለሳው ክምር በሁለተኛው ሳምንት ያፍናችኋል። ካርድ ባትሪ አይጨርስም፣ ሌባም አይመኘውም።

መቀመጫ ካገኛችሁ ስሙ እንጂ አታንብቡ። ዓይን የማይንቀሳቀስ ገጽ እያየ የጆሮ ውስጠኛው ክፍል መንቀጥቀጡን ሲመዘግብ ሁለቱ አይስማሙም፤ ኮብልስቶን ላይ ያቅለሸልሻል። ድምፁን ማታ ወይም ዋይፋይ ባለበት ቢሮ አውርዱት፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ መነሻውን ይበላዋል። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ መስኮት አጠገብ ይዞ መቀመጥ፣ በተለይ መኪናው በቆመበት፣ ለነጣቂ ማቀበል ነው። ሁለተኛው ጆሮም ክፍት ይሁን፣ «ወራጅ» ለማለት ያስፈልጋል።

ቆማችሁ ስትሄዱ ምንም አትማሩ። ኪሳችሁን ጠብቁ።

የማታውን ጉዞም ባዶ ብትተዉት ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ። 10 ሰዓት ውጭ የዋለ ጭንቅላት የሰማውን አይይዝም፣ ማታም ማታም የሚፈርስ ልማድ የጠዋቱን ይዞት ይወድቃል።

ለሥራ ዕድገት ከሁሉ የሚጠቅመው ግን መንገድ ላይ የሚደረገው አይደለም፤ ከቢሮ ወይም ከፋብሪካ ከመውጣት በፊት የሚጻፈው ሦስት መስመር ነው። መነሻው ኮምፒውተሩን መዝጋት ወይም የሥራ ልብስ ማውለቅ። በትንሽ ደብተር ላይ ቀኑ፣ የተሠራው፣ ያመጣው ለውጥ። ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው አጻጻፉ ስለማይጠቅመው ነው። «ሰነድ አደራጀሁ» ብሎ መጻፍ ከስድስት ወር በኋላ ለራስም አይገባም። እንዲህ ይጻፍ፦ «የመስከረምና የጥቅምት 340 ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል አስገባሁ፤ 12 የተደገሙ አገኘሁ፤ ለፋይናንስ ኃላፊው በጽሑፍ አሳወቅሁ»። ቁጥር፣ የተገኘው ችግር፣ ያወቀው ሰው። የንብረት ክፍል ሠራተኛም፣ ነርስም፣ የልብስ ስፌት ኦፕሬተርም በዚሁ መልክ ይጽፈዋል። የታካሚ ስምና የድርጅቱ ምስጢር ግን ደብተሩ ላይ አይሰፍርም።

ጥቅሙ የሚታየው በሁለት ቦታ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግማሽ ዓመቱ አፈጻጸም የሚዘጋው ታኅሣሥ 30 ላይ ነው። በዚያ ሰሞን አለቃ የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ነው፤ ደብተር የያዘ ሠራተኛ ሐምሌንም ያስታውሰዋል። ሁለተኛው ሲቪ ነው። ሲቪ ላይ «ኃላፊነቶቼ» ብሎ የሥራ መደቡን መዘርዘር የተለመደ ነው፣ ቀጣሪው ግን መደቡን ያውቀዋል። የሚፈልገው በመደቡ ላይ ሆናችሁ ያደረጋችሁትን ነው። በየወሩ መጨረሻ ከደብተሩ ሁለት ምርጥ መስመር መርጣችሁ ሲቪው ላይ ብትጨምሩ ክፍት ቦታ ሲወጣ ሌሊቱን ማፍጠጥ አይኖርም።

አዲስ ለተቀጠረ ሰው ልማድ ለመትከል ጥሩው ወቅት የሙከራ ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ይህ 10 ሳምንት ነው፣ ማለትም ከላይ ካየነው 66 ቀን ጋር ይቀራረባል። በሙከራ ጊዜ ሰው እንዲሁም ይጠነቀቃል፤ ጥንቃቄው ሳያልቅ ደብተሩ ቢለመድ ከዚያ በኋላም ይዘልቃል።

ስለ ኮርስ አንድ ነገር። በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና ጨምሮ በነፃ የሚገኝ ብዙ ነገር አለ። ጥሩ ነው። የሰርተፊኬት ብዛት ግን ችሎታ አይደለም። ኤክሴል ተምራችሁ በሳምንቱ የራሳችሁን ቢሮ አንድ ሠንጠረዥ በፒቮት ቴብል (ብዙ መረጃን በየዘርፉ ደምሮ በሚያሳየው የኤክሴል መሣሪያ) ካልሠራችሁበት፣ የቀረው ወረቀቱ ነው።

ልማዱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ ነው። ሁሉም ልማድ ሙሉ መጠንና ዝቅተኛ መጠን ይኑረው። ሙሉው 20 ደቂቃ ማዳመጥ ከሆነ ዝቅተኛው 2 ደቂቃ፤ ሙሉው 8 ካርድ ከሆነ ዝቅተኛው 1። የሐምሌ ጭቃ ጫማ ሲበላ፣ ልጅ ሲያተኩሰው፣ የለቅሶ ቤት ሲኖር በዝቅተኛው ትሄዳላችሁ፤ ሠንጠረዡ ላይም ያው ምልክት ነው። አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ መቅረት ብዙም አይጎዳም፣ የላሊ ጥናትም ይህን አይቷል። ሁለት ቀን በተከታታይ እንዳይቀር ግን ተጠንቀቁ። በዓል ላይ ዋዜማውንና ዕለቱን አስቀድማችሁ በዝቅተኛው ምልክት አድርጉ፤ ዶሮ እየተገነጠለ ካርድ የሚያጠና የለም። በጾምና በረመዳን ወራት የምግብ ሰዓት ስለሚዞር ከምግብ ጋር የተተከሉ ልማዶች ሁሉ ይነቀላሉ፤ ከሳምንት በፊት ወደ ጫማው ወይም ወደ በሩ አዛውሯቸው።

በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አትጀምሩ፣ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለጤና። ለጤናው ደግሞ ብዙ አትራቀቁ፣ እንቅልፍ ይቅደም። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ መተኛቱ ግዴታው ነው። እዚህ ላይ ቡናው ጣልቃ ይገባል። ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ምሽት 1 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ገና ግማሹን ይዞ ነው። ቡናውን ከሥራ በተመለሳችሁበት ሰዓት መተው ካልተቻለ አቦል ላይ ቁሙ። እናት ወይም አከራይ ብትቀየም በረካው ለቅዳሜ ይሁን በሏት።

ብቻዬን አይሆንልኝም የሚል ሰው የ40 ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል። በሁለተኛው ሳምንት ግሩፑ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ መላኪያ ይሆናል። ከአንድ ብሎክ ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ይበቃል። እሑድ ማታ ሁለታችሁም የሠንጠረዡን ፎቶ ትላላካላችሁ፣ ያለ ማብራሪያ። ባዶ ሳጥኑ ከበዛ ሌላኛው የሚጠይቀው «ለምን ሰነፍክ» ብሎ ሳይሆን «መነሻው የቱ ነበር?» ብሎ ነው። መልሱ ሁሌ ማለት ይቻላል እዚያ አለ፦ ሰልፉ ወደ ሌላ ፌርማታ ተዛውሯል፣ አለቃው ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ ይጠራል፣ ጫማው አሁን ማሰሪያ የለውም።

ቤት ስትቀይሩ ወይም ሰርቪስ ያለው መሥሪያ ቤት ስትገቡ መነሻዎቻችሁ አብረው ይጠፋሉ። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ቤት የለወጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልማዳቸውን ለመለወጥ የበለጠ የተመቹ እንደሆኑ በጥናት ታይቷል። በገባችሁበት ሳምንት ደብተሩን አውጡና ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት፦ «ሰርቪስ ውስጥ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጥ…»። ሰርቪስ ደግሞ ሰልፍ ስለሌለው ካርዶቹን ወደ ምሳ ሰዓት ማዛወር አትርሱ።