ሳይቀምሱ መጋገር፦ የገና ኩኪስ በደብረ ብርሃን

በየዓመቱ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ስልኬ በኩኪስ ፎቶግራፍ ይጥለቀለቃል። የምዕራቡ ዓለም የልደት በዓል በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ቀን ስለሚውል፣ በቅቤና በእንቁላል የታሸው፣ በስኳር የተሸለመው ብስኩት ሁሉ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጾመ ነቢያት ገብቶ፣ የፍስክ ዕቃችን ታጥቦ በተሰቀለበት ወቅት ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ የሚፈታውም በገና ሌሊት ነው። ገናችን ደግሞ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሆና ለዘመድና ለጎረቤት የሚሆን የኩኪስ ካርቶን የምታዘጋጅ ሴት ከሁሉ አስቀድማ መመለስ ያለባት ጥያቄ፣ የጋገረችውን ሳትቀምስ መጣፈጡን በምን ታውቃለች የሚለው ነው። ቅርጹና ጌጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እኔ የምተማመነው በሚዛን፣ በአፍንጫና በዓይን ነው። በፍስክ ወራት እጄ እንዳመጣልኝ ጨምሬ፣ ጣቴን ከሊጡ ነክቼ የማስተካክለውን ሁሉ በጾም በግራም መዝኜ እሠራዋለሁ። አንድ ኩባያ ዱቄት ተነፍቶ ሲሰፈርና ተጠቅጥቆ ሲሰፈር ክብደቱ በጣም ይለያያል፤ ይህ ልዩነት ድፎ ዳቦን ብዙም አይጎዳውም፣ ኩኪስን ግን አንድ ቀን ፍርፋሪ፣ ሌላ ቀን ድንጋይ ያደርገዋል። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 4 ግራም ያህል ይበቃል፣ ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ምላሱን አይፈልግም። ምድጃ ውስጥ የገባው ደግሞ በጠረኑ ይታወቃል። የጥሬ ዱቄት ሽታ ጠፍቶ የስኳሩና የቅመሙ መዓዛ ወጥ ቤቱን ሲይዘው ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ገና ነጣ እንዳለ ማውጣት ይገባል፤ ትሪው በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላልና። ከቀዘቀዘ በኋላ አንዱን ሰብሮ ማየት ነው፦ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከታጠፈ ግን ውስጡ እርጥበት ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህኛው ካርቶን ውስጥ ቢገባ ሌሎቹንም ያለሰልሳቸዋል።

እርግጥ ነው፣ ለጾም ያልደረሰ ሕፃን ከየቤቱ አይጠፋም። የእህቴ ልጅ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ «አክስቴ፣ ይሄም ይጣፍጣል፣ ያኛውም ይጣፍጣል፣ አንድ ድገሚኝ» ከማለት ያለፈ ፍርድ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተሞክሮ የተጻፈ አሠራር እንዳለ ቢወሰድ አያዋጣም። እዚህ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከሚፈለገው በላይ ይነፋል፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ ይተናል፤ ውኃው ሲያንስ የስኳሩ ድርሻ ይበዛል፤ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ቅርጹን ሳይዝ ትሪው ላይ ይዘረጋና አንዱ ከሌላው ይጣበቃል። በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠው ሊጥ ከምድጃ ክብ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው ጥፋቱን የዱቄቱ ያደርገዋል። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል መቀነስ፣ ከአንድ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ማንሳት፣ ፈሳሹን በአንድ ሁለት ማንኪያ ከፍ ማድረግ፣ ምድጃውንም 10 ዲግሪ ያህል ጨምሮ የመጋገሪያውን ጊዜ ማሳጠር ነው። በአንጻሩ ብርዳችን ይጠቅመናል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ ሊጡን ከድኖ በመስኮት አጠገብ ማሳደር ማቀዝቀዣን ያስንቃል፤ ያደረ ሊጥ ሲቆረጥ ጠርዙ የተስተካከለ ይሆናል፣ ምድጃ ውስጥም ቶሎ አይዘረጋም።

ካርቶኔ የጾምና የፍስክ ሁለት ክፍል አለው፤ የጾሙን ክፍል በገብስ እጀምራለሁ። ከመንዝ እስከ አንጎለላና ጠራ ገብስ በሚበቅልበት አገር እየኖርን ኩኪሳችን ሁሉ በነጭ ዱቄት ብቻ መሠራቱ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። ገብስ ሊጥን እንዲለጠጥና እንዲያያዝ የሚያደርገው ነገር ከስንዴ ያነሰ በመሆኑ ለዳቦ ይቸግራል፤ አፍ ውስጥ ገብቶ እንዲፈረፈር ለሚፈለገው ኩኪስ ግን ይህ ጉድለቱ በረከት ነው። በሶ ደግሞ ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ መዓዛውን ይዞ ይመጣል። 375 ግራም የፉርኖ ዱቄትና 125 ግራም በሶ አብሬ እነፋለሁ፤ 150 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቀረፋና አዲስ የተፈለፈለ ኮረሪማ እጨምርበታለሁ። ከዚያም 180 ግራም የሱፍ ዘይት በእጄ እየፈተግሁ አስገባለሁ፤ የኑግ ዘይት ሽታው ስለሚያይል ለዚህ አልመርጠውም። ውኃውን በማንኪያ በማንኪያ ነው የምጨምረው፤ ሊጡ በመዳፍ ሲጨበጥ ሳይፈርስ ከቆየ ይበቃዋል። በሶ ውኃ የሚጠጣው ቀስ እያለ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ግድ ነው፤ ሳያርፍ የተጋገረ ጠርዙ ይሰነጠቃል። እንደ ለውዝ ፍሬ ሳይሆን ከዚያ ተለቅ አድርጌ አድቦልቡዬ፣ በሰሊጥ አንከባልዬ፣ በብርጭቆ ቂጥ ጫን አደርገውና በ185 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሰሊጡ ፈካ ብሎ መቅላት ሲጀምር ይወጣል።

በዘይት ፈንታ ማርጋሪን የሚጠቀም ሰው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ ከአትክልት የተሠራ የሚባለው ሁሉ የጾም አይደለም፣ የወተት ዱቄት ወይም አጓት የገባበት አለ። የፍስኩና የጾሙ ትሪና መዳመጫ የተለያየ እንዲሆን፣ ይህ ካልተቻለ የጾሙ ቀድሞ እንዲጋገር ለማንም የአገራችን ሴት መንገር አያሻም።

የፍስኩ ክፍል ቅቤ ነው፤ ስለ ቅቤ ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ። ስኮትላንዶች ሾርትብሬድ የሚሉት ብስኩት በክብደት አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤና ሦስት እጅ ዱቄት ብቻ ነው። እንቁላል የለውም፤ የሚመዘነው ሦስት ነገር ስለሆነ ምላሱ በጾም ለታሰረ ጋጋሪ ከዚህ የተመቸ አላየሁም። ነገር ግን የእነርሱ አሠራር ቅቤ ሲል የገበታ ቅቤን ማለቱ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አራት አምስተኛው ስብ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። የእኛ ንጥር ቅቤ ውኃው ሁሉ በመንጠሩ ወጥቷል። 200 ግራም የገበታ ቅቤ በሚጠየቅበት ቦታ 200 ግራም ንጥር ቅቤ ያስገባ ሰው ዘይት የሚያንጠባጥብ ብስኩት ያገኛል። እኔ 160 ግራም ንጥር ቅቤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር አደርጋለሁ፤ ቅቤው በብርዱ ረግቶ ሳለ ከስኳሩ ጋር እስኪነጣ ድረስ በእንጨት ማንኪያ ይመታል።

ቅመሙም የራሱ ሕግ አለው። ጎረቤቴ እትዬ፣ በቅቤ ጉዳይ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማቸው፣ ማሰሮዬን ከፍተው አሸተቱና «ልጄ፣ በኮሰረትና በነጭ ሽንኩርት ያነጠርሽው ከሆነ ለዶሮው አድርጊው፤ ለብስኩትሽ ለጋውን በኮረሪማ ብቻ አንጥሪው» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ለጋ ቅቤ ከጥቂት ፍሬ ኮረሪማ ጋር በለሰስ ያለ እሳት ነጥሮ አተላው ከሥር ሲቀላ፣ የሚወጣው መዓዛ ቫኒላን አላስፈላጊ ያደርገዋል።

የፍስኩን ሊጥ ከዋዜማው በፊት አቡክቼ፣ ጠቅልዬ ብርድ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ መጋገሩን ግን ለዋዜማ ምሽት አልተውም። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲጥድ መብራት ድንገት ይጠፋል፤ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት አግኝቶ በከሰል ይበስላል፣ ስስ ኩኪስ ግን ሥሩ አርሮ ፊቱ ጥሬ ይቀራል።

ካርቶኑ በኩኪስ ብቻ አይሞላም። ዳቦ ቆሎ ምድጃ ስለማይፈልግ መብራት በጠፋበት ቀን በምጣድ እቆላዋለሁ፤ በርበሬው ለስላሳ፣ ቁራጩ የሽምብራ መጠን ቢሆን ይሻላል። ጭኮ የፍስኩ ክፍል ሞገስ ነው፤ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከንጥር ቅቤ ስለሚሠራ ብርድ ላይ እንደ ቸኮሌት ይቆረጣል። ተምርን ፍሬውን አውጥቼ የተቆላ ለውዝ እከትበታለሁ፤ ይህ ሥራው ትንሽ፣ የሚያስመሰግነው ግን ብዙ ነው። በእንግዳው አገር ፎቶግራፍ ላይ የሚታየውን ባለቀለም የስኳር ክሬም እኔ ትቼዋለሁ፤ ከላይ ያምራል፣ ከሥር ግን ኩኪሱን ያርሰዋል።

ስደረድር ደረቁን ከእርጡብ እለያለሁ። ተምርና ጭኮ በቅባት ወረቀት ለየብቻ ይጠቀለላሉ፤ እርጥበታቸውም ቅባታቸውም ወደ ኩኪሱ እንዳይሄድ ነው። በርበሬ ያለበት ዳቦ ቆሎ በታሰረ ከረጢት ይገባል። ኩኪሱ እንደ ሳንቲም ተደርድሮ በጠርዙ ቢቆም፣ ተጋድሞ ከሚደራረብ ይልቅ መንገድ ላይ ስብራቱ ያንሳል። በየመሐሉ የሚቀረውን ክፍተት በቆሎ ከረጢት እሞላዋለሁ፤ ባዶ ቦታ የቀረበት ካርቶን ባጃጅ ላይ ሁለት ጉብታ ሳያልፍ ይንኮታኮታል። በአንድ በኩል የጾሙን፣ በሌላው የፍስኩን አድርጌ መሐሉን በካርቶን ግድግዳ እከፍለዋለሁ፤ ምክንያቱም ገና ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ባይጾምም ከዚያ በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ የጥምቀት ዋዜማም ገሃድ ነው። የጾሙ ወገን ከፍስኩ እኩል የሚያልቀው በእነዚህ ቀናት ነው። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቅቤውና እንቁላሉ ችግር የለበትም፤ ይልቅ ፈሳሽ ቫኒላ አልኮል ስላለበት፣ ከረሜላም ጄላቲን ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱንም አላስገባም።

አዲስ አበባ ለሚሄደው ካርቶን 130 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ብዙ አያስፈራም። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪናው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ሲወርድ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ድንጋይ የነበረው ጭኮ እዚያ ይቀልጣል። እዚህ አየር ይዞ በጥብቅ የታሰረ ላስቲክም ወደ ታች ሲወርድ በአየሩ ግፊት ተጨብጦ ኩኪሱ ላይ ይለጠፋል፤ ከቆላ የመጣ የብስኩት ማሸጊያ እኛ ዘንድ ሲደርስ ተነፍቶ የሚታየው የዚሁ ግልባጭ ነው። ስለዚህ ለሸዋ ሮቢት የበሶውን ኩኪስ፣ ዳቦ ቆሎውንና ተምሩን ብቻ፣ በላስቲክ ፈንታ በወረቀት ጠቅልዬ በማለዳው መኪና እልካለሁ።

ክዳኑ ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ በየትኛው ወገን ጾም፣ በየትኛው ፍስክ እንዳለ፣ እና የተጋገረበትን ቀን። የቅቤው ኩኪስ በደንብ ከተከደነ ሁለት ሳምንት ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል፤ የበሶው ዘይት ስለሆነ ቀድሞ ቢበላ ይመረጣል፤ ዳቦ ቆሎው ከሁሉም በላይ ይቆያል። የለሰለሰ ኩኪስ የደረሰው ሰው አይጣለው፤ ለብ ባለ ምድጃ ወይም በምጣድ ጠርዝ አምስት ደቂቃ ቢቆይና ቢቀዘቅዝ መልሶ ቀጭ ይላል።