ከመልሱ በኋላ የሚጀምረው ሥራ፦ በዌልስ ፓርላማ ለሚኒስትሮች ጥያቄ ሳዘጋጅ የተማርኩት

የብሪታንያ አንዷ ክፍል በሆነችው በዌልስ፣ በዋና ከተማዋ በካርዲፍ ወደብ ዳርቻ በሚገኘው ፓርላማ፣ በአገሩ ሰው አጠራር በሴኔድ፣ ለአንዲት የተቃዋሚ ፓርቲ አባል የጥናት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የሥራዬ ዋና ክፍል አባሏ የዌልስን መንግሥት ለሚመሩት ለቀዳማዊ ሚኒስትሩና ለጤና ሚኒስትሩ የሚያቀርቧቸውን ጥያቄዎች ማጥናትና ማርቀቅ ነበር። ወቅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረጠው ምክር ቤት የሥራ ዘመን ሲሆን፣ ከ60ዎቹ መቀመጫዎች ሌበር ፓርቲ 30፣ ኮንሰርቫቲቭ 16፣ የዌልስ ብሔርተኞች ፓርቲ የሆነው ፕላይድ ካምሪ 13፣ ሊበራል ዴሞክራቶች ደግሞ አንድ መቀመጫ አግኝተው ነበር። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ተቃዋሚው ወገን በድምፅ ብልጫ መንግሥትን የሚያሸንፍባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በየሳምንቱ እጁ ላይ የማይጠፋው መሣሪያ ጥያቄ ነው፤ እኔም ይህን መሣሪያ በሚገባ ማዘጋጀት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያየሁት በዚያ ቢሮ ነው።

በአገራችን ፓርላማ የአባላት ጥያቄዎች በአንድነት ከቀረቡ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ረጅም ማብራሪያ ሲሰጡ እያየሁ ላደግኩት ለእኔ የካርዲፉ ሥርዓት በጣም አጭር መስሎ ታይቶኝ ነበር። ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቀዳማዊ ሚኒስትሩ፣ ረቡዕ ደግሞ ሌሎቹ ሚኒስትሮች በየተራቸው ይጠየቃሉ። የፓርቲ መሪዎችና የየዘርፉ ቃል አቀባዮች ጥያቄያቸውን አስቀድመው ሳያሳውቁ የመጠየቅ መብት አላቸው። የቀሩት አባላት ግን በዕጣ ይለያሉ፤ ዕጣው የወጣለት አባል ጥያቄ አስቀድሞ ታትሞ ስለሚወጣ ሚኒስትሩ የተዘጋጀ መልስ ይዘው ይገባሉ። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ በሚቀርበው ተከታይ ጥያቄ ላይ ነው፤ እሱን ከጠያቂው ወገን በስተቀር አስቀድሞ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ብዙ ቢሮዎች የሚታተመውን ጥያቄ ሰፋ አድርገው ይጽፉና ዋናውን ጉዳይ ለተከታዩ ያስቀራሉ። እኛም ይህንኑ እናደርግ ነበር። ቁጥር በምንፈልግበት ጊዜ ግን ጉዳዩን መደበቅ አይጠቅምም፤ ሚኒስትሩ በእጃቸው የሌለውን ቁጥር ድንገት ቢጠየቁ ሊመልሱ አይችሉም፣ ሕዝቡም ከዚያ የሚያገኘው ነገር የለም።

ከነዋሪዎች ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ለማንበብ የሚከብዱት አምቡላንስ ጠርተው ለረጅም ሰዓታት ወለል ላይ ተኝተው የጠበቁ አረጋውያንን የሚመለከቱት ነበሩ። በምክር ቤቱ ውስጥ ስለ አምቡላንስ በተነሣ ቁጥር ይጠቀስ የነበረው መመዘኛ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ለሕይወት እጅግ አስጊ ከሆኑትና «ቀይ» ከሚባሉት ጥሪዎች 65 በመቶ የሚሆኑት በ8 ደቂቃ ውስጥ ምላሽ ማግኘት አለባቸው የሚለው የዚያን ጊዜ ግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ይህ አኃዝ ከ40 በመቶ በታች ወርዶ ስለነበር ተቃዋሚዎች ደጋግመው ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ፣ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ሰዎች ጥሪ በአብዛኛው የሚመደበው ከቀይ ቀጥሎ ባለው «ብርቱካናማ» ምድብ እንደሆነ ተገነዘብኩ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ሥራ ላይ በዋለው አሠራር ደግሞ ለዚህ ምድብ የደቂቃ ግብ አልተቀመጠለትም። እንግዲህ ስለ ቀይ ጥሪዎች ብንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ሙሉ በሙሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለጻፉልን ቤተሰቦች ግን አንዳችም የሚመልስላቸው ነገር አይኖርም ነበር። ከዚያ በኋላ የምንጠይቀው ስለ ብርቱካናማ ጥሪዎች፣ በተለይም ረጅሙን ጊዜ ስለጠበቁት 5 በመቶ ሰዎች ሆነ። አማካዩ አኃዝ መልካም መስሎ በሚታይበት ወር እንኳን ችግሩ በእነዚህ ሰዎች ላይ ይበረታ ነበርና።

ምክንያቱን ስንከታተል ደግሞ ጉዳዩ ከአምቡላንስ መሥሪያ ቤት አልፎ ሄደ። ሕመምተኛውን ያመጣው መኪና በ15 ደቂቃ ውስጥ አስረክቦ መመለስ ሲገባው በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ለሰዓታት ይቆማል፤ የሚቆመው ውስጥ አልጋ ስለሌለ ነው፤ አልጋ የሚጠፋው ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎች ቤታቸው የሚንከባከባቸው ባለሙያ እስኪመደብላቸው ስለሚጠብቁ ነው፤ ይህን እንክብካቤ የማቅረብ ግዴታ ያለባቸው ደግሞ 22ቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያሉት ነርሶችና ሾፌሮች ከማንም በላይ የሚደክሙ ሰዎች በመሆናቸው፣ አለቃዬ በየጥያቄያቸው ሠራተኞቹን ከነቀፋ ነጻ የሚያደርግ ቃል ሳይጨምሩ አይነሡም ነበር፤ እኔም ትክክል እንደነበሩ አምናለሁ። ሰው በተቃዋሚ ንግግር ፈርቶ አምቡላንስ ከመጥራት ቢቆጠብ ኃላፊነቱ የተናጋሪውም ጭምር ነው።

ሚኒስትሮች በአብዛኛው የሚሰጧቸው የማምለጫ መልሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ገንዘቡ ከለንደን የሚመጣ መሆኑ ነው። እውነት ነው፣ የዌልስ መንግሥት በጀት አብዛኛው ለንደን ካለው የብሪታንያ ግምጃ ቤት ይመጣል፤ ዳሩ ግን ከዚያ ውስጥ ለጤና ምን ያህል እንደሚመደብ የሚወሰነው በካርዲፍ ነው፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ስለ ክፍፍሉ እንጂ ስለ ጠቅላላው መጠን አልነበረም። ሁለተኛው የዕለት ተዕለቱ አሠራር በየአካባቢው ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድሩት የጤና ቦርዶች ሥራ ነው የሚለው ነው። ሰባቱን የጤና ቦርዶች በበላይነት የሚከታተለው ግን መንግሥት ነው፤ በሰሜን ዌልስ የሚገኘውን ቤትሲ ካድዋላደር የተባለውን ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ከዚያም እንደገና በፌብሩዋሪ 2023 በልዩ ክትትል ሥር ያደረጉት ሚኒስትሮች ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ ቦርድ ጉዳይ የሚኒስትር ኃላፊነት የለም ብሎ መከራከር አይቻልም። ሦስተኛው መልስ ይህን ያህል ሚሊዮን ፓውንድ መድበናል የሚለው ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ አድማጩ ገንዘቡ መመደቡን ሰምቶ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋልና። እዚህ ላይ የሚረዳው ገንዘቡ ስንት ባለሙያ እንዳስቀጠረ፣ የት የት እንደተመደቡና ሥራ የጀመሩበት ቀን መቼ እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።

አሠራራችንን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ዕጣ ከመጠበቅ ይልቅ ከሳምንታት በፊት የጽሑፍ ጥያቄ እናስገባለን። የጽሑፍ ጥያቄ ቴሌቪዥን ላይ አይታይም፤ ይሁን እንጂ በሚኒስትሩ ስም የሚሰጥና ለሕዝብ ይፋ የሚሆን መልስ ያስገኛል። ያን መልስ ይዘን በምክር ቤቱ በቃል የሚቀርበውን ጥያቄ እናረቃለን። ረቂቁ ጮክ ብሎ ሲነበብ ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ጥያቄ እንዳይኖረው እንጠነቀቃለን፤ ሦስት ጥያቄ የቀረበለት ሰው የሚቀልለውን መርጦ ይመልሳል። አባላት በዌልሽኛም ስለሚናገሩና ንግግራቸው በጆሮ ማዳመጫ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚተረጎም፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን መጠቀምም ይረዳል። አለቃዬ ረቂቁን ከተቀበሉኝ በኋላ ሁልጊዜ «ሚኒስትሩ ‹እሺ› ቢሉኝ ምን ይለወጣል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። በግልጽ መመለስ ካልቻልኩ ረቂቁ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል።

ሥራው የሚከብደው ግን ከመልሱ በኋላ ነው። ምክር ቤቱ ከተነሣ በኋላ ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ፣ የተገባውን ቃል፣ የተጠቀሰውን ቀንና «በደብዳቤ እገልጽላችኋለሁ» የተባለውን ሁሉ በመዝገብ አሰፍር ነበር። ቀኑ ሲደርስ ያንኑ ጉዳይ በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ መልሱ ካላረካን የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ቋሚ ኮሚቴ ሚኒስትሩን ሲጠራ እንዲነሣ እናደርጋለን። በኮሚቴ ውስጥ አንድ አባል በአንድ ነጥብ ላይ ደጋግሞ መጠየቅ ስለሚችል፣ እኔ በበኩሌ ከማክሰኞው ክርክር ይልቅ የኮሚቴውን ሰዓት አብልጬ እመለከተው ነበር። ጋዜጠኞች ባይከታተሉትም እንኳን ትክክለኛው መረጃ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ የአምቡላንስ መመዘኛው ተለወጠ። ልባቸው ወይም ትንፋሻቸው ለቆመባቸው ሰዎች «ወይን ጠጅ» የሚባል አዲስ ምድብ ተፈጠረ፤ ዋናው መለኪያም በ8 ደቂቃ መድረስ መሆኑ ቀርቶ፣ ልባቸው እንደገና መምታት ጀምሮ ሆስፒታል የደረሱት ሰዎች ድርሻ ሆነ። ለውጡ ከሕክምና አንጻር መልካም ነው ብዬ አስባለሁ፤ የሚያድነው ቶሎ መድረስ ብቻ አይደለምና። ለጠያቂ ግን ከባድ ጉዳይ ነው፤ የቀድሞው አኃዝ ከአዲሱ ጋር ስለማይነጻጸር አገልግሎቱ መሻሻሉን ወይም መባሱን ማሳየት ያዳግታል። ስለዚህ መለኪያ በተለወጠ ጊዜ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ጥያቄ አሮጌው መረጃ ለምን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን መታተሙን ይቀጥላል የሚለው ይመስለኛል።

በዌልስ ለሚኖሩ ወገኖቼ የምጨምረው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ፣ 16 ዓመት ከሞላው፣ በሴኔድ ምርጫ መምረጥ ይችላል፤ ከእኛ ማኅበረሰብ ግን ለመራጭነት ያልተመዘገቡ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። የጥገኝነት ማመልከቻና የቪዛ ጉዳይ የለንደን ሥልጣን ስለሆነ ደብዳቤው መላክ ያለበት በዌስትሚኒስተር፣ ማለትም በለንደኑ የብሪታንያ ፓርላማ፣ ላለው የምክር ቤት አባል ነው። የሆስፒታል ወረፋ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና በሕክምና ቦታ አስተርጓሚ ማጣት ግን የካርዲፉን ፓርላማ ይመለከታሉ። ከሜይ 2026 ምርጫ ጀምሮ አባላቱ 96 ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ስድስት አባላት አሉት። ደብዳቤውን ለአንዱ ብቻ ሳይሆን ከገዥውም ከተቃዋሚውም ወገን ላሉት መላክ ይበጃል፤ በውስጡም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን የጽሑፍ መልስ ማካተት፣ ጉዳዩ ያለ ስም በምክር ቤት እንዲነሣ ፈቃደኛ መሆን አለመሆንንም በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። ረዳቱ ያለዚህ ፈቃድ ጥያቄውን ማርቀቅ አይጀምርም።