በአራት ሰዓት ይከፈታል

እህቴ ዱባይ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ስልክ ላይ «ዓርብ የወርቅ ገበያው የሚከፈተው በአራት ሰዓት ነው፤ እኔም ከሥራ ወጥቼ እዚያው አገኛችኋለሁ» አለችኝ። እኛም ቁርሳችንን በልተን ልክ በአራት ሰዓት ዴይራ፣ ወርቅ ገበያው በር ላይ ተገኘን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ የአሥር ዓመቱ ልጄና የአራት ዓመቷ ትንሿ። አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል። ስደውልላት ሳቀች። ለካ የኛ አራት የረፋዱ ነው፤ የእሷ ደግሞ የፈረንጁ፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት! ዓርብ የጁምዓ ቀን ስለሆነ አሮጌው ገበያ የሚደምቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ጋር ስትቀጣጠሩ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ማለትን አትርሱ። ስድስት ዓመት ሰውን ሰዓት ያስረሳዋል።

በእጄ ደብተር ነበር። የአደራ ደብተር። አሥራ ሰባት ዕቃ ተጽፎበታል፤ ሽቶ፣ ቻርጀር፣ የሕፃን ልብስ፣ የጎረቤታችን የአንገት ሀብል፣ የአንዲት አክስቴ ወፍራም ብርድ ልብስ። ዕቅዴ ጠዋት ገዝተን ጨርሰን ከሰዓት በኋላ ከተማ ማየት ነበር። ዕቅዱ ገና በጠዋቱ ስለተበላሸ እየተበሳጨሁ ወደ ውኃው ወረድን።

ዱባይን ለሁለት የሚከፍላት ክሪክ የሚባል የባሕር ሰርጥ ነው፤ ወዲህ ዴይራ፣ ወዲያ ቡር ዱባይ። የሚያሻግሩት አብራ የሚባሉ ትንንሽ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው። ዋጋው በሰው 1 ድርሃም። ቲኬት የለም፣ ወረፋ የለም፤ ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ሳንቲሙን ለጀልባ ነጂው ትሰጣላችሁ። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ትንሿን በቀሚሷ ይዣት ነው የተሻገርነው። እናቴ መጀመሪያ አማተበች። መሀል ላይ ስንደርስ ነጠላዋን ነፋስ እያነሳው ፈገግ አለች። እንደደረስን «እንመለስና ደግመን እንሻገር» አለች። ተመልሰን፣ ደግመን ተሻገርን። በጠቅላላ ለአምስት ሰው ሦስት ጊዜ 15 ድርሃም። በዚያ ጉዞ ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ የማይቆጨኝ እሱ ነው።

ወዲያ ማዶ አል ፋሂዲ የሚባለው አሮጌ ሰፈር አለ። ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር ኮራል ድንጋይና ከጂፕሰም ነው። ጣሪያቸው ላይ አራት ማዕዘን ማማ አለ፤ ከአራቱም አቅጣጫ የመጣውን ነፋስ ይዞ ወደ ታች፣ ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን የነበረ ኤሲ ማለት ነው። ልጄ ከሥሩ ቆሞ ነፋሱን ካልጠበቅኩ አለ። እዚያው አቅራቢያ በ1787 የተሠራ ምሽግ አለ፤ ከውጭ አይተነው አለፍን። የእናቴ ጉልበት ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀምሮ ነበርና ሻይ ቤት ገባን። ካራክ የሚሉት በወተትና በሄል የፈላ ሻይ ነው። እናቴ ቀምሳ «ሄሉ በዝቷል፣ ግን ይጠጣል» ብላ ሁለተኛ አዘዘች።

ምሳ በልተን ሆቴል ተመልሰን ሁለት ሰዓት ተኛን። ይህን ዕረፍት አላቀድኩትም ነበር፤ ሱቅ ስለተዘጋ ብቻ የመጣ ነው። ያለሱ ግን ትንሿም እናቴም ማታውን አያዩትም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ እህቴ መጣች። መንገዱ ሌላ ቦታ መስሏል። ሻጮቹ ገና ከሩቅ «ሐበሻ! ሐበሻ!» ይላሉ። ልጄ ገበያውን «ሱቅ» ሲሉት ሰምቶ «እነሱም ሱቅ ነው የሚሉት?» ብሎ ተገረመ። ቃሉን ከእነሱ እንደወሰድነው ስነግረው ያመነኝ አልመሰለኝም። ቅመም ተራው ላይ እናቴ ዕጣኑን እያሸተተች «ይኼማ የኛው ነው» እያለች ከሻጭ ጋር ክርክር ገጠመች፤ እሱ በዓረብኛ፣ እሷ በአማርኛ። ደረቅ ሎሚ ገዝታ ወጣች። ምን እንደምታደርግበት እስካሁን አልነገረችንም።

የሀብሉን ግዢ የመራችው እህቴ ናት። ወርቅ ሲገዛ ተለጣፊውን ዋጋ ማየት ሞኝነት ነው። የዕለቱ የግራም ዋጋ በየካራቱ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። መጀመሪያ ሚዛን ላይ አስቀምጥልኝ ትላላችሁ፣ ግራሙን በዕለቱ ዋጋ ታባዛላችሁ። ከዚያ በላይ የጠየቃችሁ የእጅ ዋጋ ነው፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። እህቴ ሁለት ጊዜ ከሱቁ ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ጠርተው መለሷት። እኔ ብሆን መጀመሪያ በተነገረኝ ዋጋ አመስግኜ እገዛ ነበር።

ብርድ ልብሱን ግን አትጠይቁኝ። ስድስት ኪሎ ነው። ባለቤቴ በትከሻው ተሸክሞት ሆቴል እስክንደርስ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ብዙ ነበር።

ዕቃውን አስቀምጠን ባዶ እጃችንን ሜትሮ ተሳፈርን። ኖል የሚባለው ካርድ 25 ድርሃም ነው፤ 19ኙ መሳፈሪያ ሆኖ ውስጡ ይቀመጣል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም። ባለቤቴ ተከትሎን የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ ውስጥ ገባ። መሬቱ ላይ ሮዝ መስመር አለ፣ አላየውም። አንዲት ሴት በጣቷ ጽሑፉን አሳየችው፤ 100 ድርሃም ቅጣት። እንደዚያ ሲሮጥ ከሠርጋችን ወዲህ አይቼው አላውቅም። እሱ እንደወጣ እናቴ ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣች። መብላትም እንደዚያው 100 ድርሃም ነው! እህቴ እጇን ይዛ መለሰቻት። «ቆሎ ምግብ ነው እንዴ?» አለች እናቴ ተቀይማ።

ቡርጅ ኸሊፋ የሚባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ 828 ሜትር ነው። ልጄ ኮንዶሚኒየማችንን ሃምሳ ጊዜ ደራርቦ አስልቶታል። ለአምስት ሰው መውጫው ስለከበደን አልወጣንም፤ ከሥሩ ያለውን የፏፏቴ ትርዒት ግን በነፃ አየን። ከሜትሮው እስከ ዱባይ ሞል የሚያደርሰው የተሸፈነ መተላለፊያ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ዕወቁ። እናቴን ያዳናት የሚንቀሳቀሰው ወለል ነው። ሞሉ ውስጥ ምንም አልገዛንም። ውኃው በሙዚቃ ሲዘል ትንሿ በአባቷ ትከሻ ላይ አጨበጨበች፣ ከዚያ እዚያው ተኛች።

ስንመለስ ኤርፖርት ላይ ሁለት ነገር ገጠመን። ጎብኚ ከከፈለው 5 በመቶ ቫት አብዛኛው ይመለስለታል፤ ግን ሻንጣ ከማስረከብ በፊት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እኛ አስረክበን ነበር። ደረሰኞቹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ሁለተኛው፣ አንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ አልፏል። ብርድ ልብሱን አወጣነው። እናቴ እንደ ጋቢ ተከናንባው አውሮፕላን ገባች፣ አራቱንም ሰዓት ሞቋት ተኛች።

አሁን አደራ የምቀበለው ገንዘቡን አስቀድሞ ለሰጠኝ፣ ያውም በአንድ እጅ ለሚያዝ ዕቃ ነው። አክስቴ «ስትመጪ እከፍልሻለሁ» ብላኝ ነበር። ብርድ ልብሱን ወስዳለች።