ጅማ ላይ የባህር ዳርቻ ግድግዳዬ

ባህር ያየሁት በሕይወቴ አንዴ ነው፣ ጅቡቲ። ዓይኔ ላይ የቀረው ግን ማዕበሉ ሳይሆን ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ጥሎት የሄደው የተሸበሸበ ሽንትር ነው። ጅማ እንደተመለስኩ እሱን ግድግዳ ላይ ካልሰቀልኩ ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ ነው። ኮምፔርሳቶ ላይ ጀሶ ከምሬ በማንኪያ ማዕበል ቀረጽኩ፣ ሰማያዊ ቀባሁት። እማዬ አየችውና "ሊጥ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ደግሞ ክረምት ነበር፣ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጀሶው በደቂቃዎች ቢጠነክርም እርጥበቱ አልወጣ አለ፣ በአንድ ፊቱ ብቻ ውሃ የጠጣው ኮምፔርሳቶም እንደ ኮርቻ ጎበጠ።

ተናድጄ ትቼው ነበር። ዝናቡ ሲያባራ አዌቱ ወንዝ ዳር ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንዝ ወደ አንድ ወገን ስለሚገፋ የአሸዋው ሽንትር ውሃው በሚመጣበት በኩል ለስላሳ ዳገት፣ በሚሄድበት በኩል ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለው። የባህር ሞገድ ግን ወዲያ ወዲህ ስለሚል ሁለቱንም ጎን እኩል ያደርገዋል። እኔ ቅርጹን ነበር የምኮርጀው፤ የሚሠራው ግን ግፊቱ ነው።

ስለዚህ መቅረጽ ተውኩ። በርጩማ ከሚሠሩ ልጆች ሰጋቱራ ለመንኩ (በነፃ ነው፣ ሳቁብኝ እንጂ)፣ ከኮላና ከትንሽ ጀሶ ጋር ለወስኩት። ከጀሶ ብቻ በጣም ይቀላል። በላዩ በቀጭን ኮላ የተነከረ አቡጀዴ ዘርግቼ በሁለት መዳፌ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ገፋሁት፣ ጨርቁ ራሱ ተሸበሸበ። አንዱ ቦታ ላይ እጄ ከብዶ ተቀደደ፤ አልነካሁትም፣ አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የኮምፔርሳቶውን ጀርባም ኮላ ቀባሁት፣ በሞራሌ ፍሬም አሰርኩት፣ አልጎበጠም። ሰማያዊ ቀለም የለም፣ የቡና አተላ አፍልቼ ነው የቀባሁት።

መብራት ከፊት ለፊት አታድርጉበት፣ ሁሉንም ዝርግ ያደርገዋል። ከጎን ሲመታው እያንዳንዱ ሽንትር ጥላ ያወጣል።

ቤታችን ጭቃ ስለሆነ የመጀመሪያው ምስማር ግድግዳውን ይዞት ወረደ። በጣቴ እያንኳኳሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጌ እሱ ላይ መታሁት፣ ለዚህ ነው ሥዕሉ ከመሃል ትንሽ ወደ በሩ የሸሸው።